ተኝቼ ወይስ ነቅቼ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሱቁን ዛሬም እኔ ከፈትኩ። ጠዋት ሥራ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። የላላ የመነጽር ክፈፍ ማጥበቅ፣ የተጫረ ሌንስ መቀየር። አንዲት አሮጊት ፊደል ያለበትን ሰሌዳ አየት አደረጉና፣ ዓይናቸው ደህና እንደሆነ፣ የደበዘዘው የእኛ ፊደል እንደሆነ ነገሩኝ። ሳቅኩ። ስስቅ ግራ መንጋጋዬን ጠቅ አደረገኝ።

አሁንም ያው። ሰሞኑን በቀኝ ብቻ ነው የማኝከው። ባለቤቴ አይቶብኛል፤ ሐኪም ጋ ሂጂ እያለ ይጨቀጭቀኛል። እሱ መኪና መንዳት ያስተምራል። ቀኑን ሙሉ ከጀማሪ አጠገብ ተቀምጦ የሚውል ሰው ምን ያስደነግጠዋል? እኔ ግን የጥርስ ሐኪም ወንበር ገና ሳስበው እጄን ያልበኛል። ከዚህ በፊት እዚያ ወንበር ላይ ራሴን የሳትኩት መርፌው ሳይነካኝ ነው። ሳየው ብቻ።

ልጃችን ከምትሠራበት ከተማ ደወለች። ሠርጓ፣ አዳራሹ፣ ልብሱ… ሰማኋት። ስለ ጥርሴ አልነገርኳትም።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ጉንጬ አብጦ አደረ። ያበጠው ይፈንዳ ብዬ ሄድኩ።

ክሊኒኩ አዲስ ነው። ግድግዳው ነጭ፣ ወንበሩ ነጭ፣ የሐኪሙ ጥርስ ደግሞ ከሁሉም የነጣ። ወጣት ነው። ሲገባም ፈገግ፣ ራጁን ሲያይም ፈገግ። በልቤ “ፈገግታው” ብዬ ስም አወጣሁለት። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ? ለጠላትም ይስቃል።

ራጁን አሳየኝ። የመጨረሻው መንጋጋዬ ቀጥ ብሎ እንደመብቀል በጎኑ ተጋድሟል። ዙሪያውን ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ። ከረጢቱ የመንጋጭላዬን አጥንት እየበላው ነው። ከቆየ አጥንቱ በትንሽ ነገር ሊሰበር ይችላል አለ። ይህንንም ፈገግ ብሎ።

ድድ ተቀዶ፣ አጥንት ተቦርቡሮ ነው የሚወጣው። ይህን ሲል የእጁን አንጓ ጨምድጄ ይዤዋለሁ ለካ። “እጄን ቢመልሱልኝ… ያስፈልገኛል” ሲለኝ ነው ያየሁት። አፈርኩ።

ከዚያ ምርጫ ተሰጠኝ። ድዴን ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌ፤ ሁሉንም እየሰማሁ። ወይ ከመርፌው ጋር በአፍንጫ የሚሳብ ጋዝ፣ ሰው የሳቅ ጋዝ የሚለው፤ ነቅቼ፣ ግን ግድ ሳይሰጠኝ። ወይ በክንድ ደም ሥር የሚገባ መድኃኒት፤ ግማሽ እንቅልፍ፣ በኋላ ብዙም የማይታወስ። ወይ ደግሞ ሆስፒታል ገብቶ ሙሉ እንቅልፍ።

ለእኔ የሚመክረው ሙሉውን እንደሆነ ነገረኝ። ለምን? ለእኔ ብሎ ነው ወይስ ለራሱ? የተኛ ሰው አንጓ አይጨብጥም። አይጠይቅም። እኔም ስሸጥ ነው የምውለው። “ይሄ ክፈፍ ለእርስዎ ፊት የተሠራ ነው” የምለው መቼ እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ… መደርደሪያው ላይ አልነሣ ሲለኝ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

አጥንት እየበላ ነው… ምነው ሌላ ቃል ባጣ?


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ሱቅ የመጣውን ሁሉ ስለ ማደንዘዣ እየጠየቅኩ ዋልኩ። አንዲት ደንበኛዬ በደም ሥር የሚሰጠውን ወስዳለች። ምንም አላመመኝም አለች። ግን እዚያው ተጋድማ የጎረቤቷን ገመና ስትዘረግፍ ነበር አሉ። እሷ ምንም አታስታውስም። እየሳቀች ነው የነገረችኝ።

እኔን አላሳቀኝም። ይሄኛው ተሰረዘ። የምደብቀው ነገር ኖሮኝ አይደለም። ቢሆንም… የተናገርኩትን ሌላ ሰው አውቆት እኔ የማላውቀው ለምን ይሆናል?

የሳቅ ጋዙስ? እየተፍለቀለቅኩ አፌ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ በምን አያለሁ? መርፌው ብቻ ደግሞ አይታሰብም።

ባለቤቴን አማከርኩት። አፌን ሳልዘጋ “ተኝተሽ ነይ” አለ። ነቅቼ ከማስጨንቃቸው ተኝቼ ባሳርፋቸው ይሻላል ባይ ነው። ቀልዱ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እንዴት ቶሎ መለሰ? ሻይ ውስጥ ስኳር ስንት ላድርግ ሲሉት እንኳ የሚያስብ ሰው…

ለማንኛውም ወሰንኩ። አምኛቸው ሳይሆን ላለማየት። ክሊኒክ ደውዬ ሙሉ እንቅልፍ አልኩ። ስልክ ያነሣችው ልጅ ጥሩ ምርጫ ነው አለችኝ። መዶሻ ይዤ እመጣለሁ ብላትም ጥሩ ምርጫ ነው የምትል ይመስለኛል።


እሑድ፣ ጥቅምት 10

እታለም መጣች። ታላቄ ናት፤ እህትም እናትም። አባባ ሲሞቱ እኔ ገና ድክ ድክ የምል ነበርኩ። እማዬ ሥራ ስትውል ያዘለችኝ፣ ያበላችኝ፣ ትምህርት ቤት ያደረሰችኝ እሷ ናት።

ብርቱካን እየላጠች ነበር። ስለ ጥርሴ ነገርኳት፤ አይዞሽ አለች። ሙሉ እንቅልፍ እንደመረጥኩ ስነግራት ቢላዋው ቆመ። ልጣጩ ተንጠልጥሎ ቀረ።

“አትተኚ” አለችኝ።

ለምን አልኳት። እንዲሁ። እንዲሁ ማለት? በመርፌ ይበቃል፣ ለአንድ ጥርስ ምን ያን ያህል… እታለም እኮ ናት። ሳስነጥስ እንኳ ሐኪም ይይሽ የምትል። ዛሬ ከሐኪም በላይ ዐወቀች። በእኔ ሞት ብላ ልታስምለኝ ሞከረች። አልማልኩም።

ስትወጣ ባለቤቴ ሸኛት። በር ላይ ቆዩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ብቅ ስል ስለ መኪና ጎማ ያወራሉ።

እታለምና ጎማ ምን አገናኛቸው?


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

የማደንዘዣ ሐኪሟ ጠርታኝ ሄድኩ። ጠና ያለች ሴት ናት። ፈጽሞ አትስቅም። ደስ አለችኝ።

ልቤን አዳመጠች። አስም አለብኝ? ደም ግፊት? የማይስማማኝ መድኃኒት? ከዚያ፣ ከቤተሰቤ ማደንዘዣ ወስዶ ችግር የገጠመው ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም አልኩ። እናቴ? በእርጅና። አባቴ? በሳንባ ምች፣ ሆስፒታል ገብተው፣ እኔ ሕፃን ሳለሁ።

“ሆስፒታል የገቡት ለሳንባ ምች ነው?”

አላውቅማ። በቤታችን ሲባል የኖረው አባባ ሆስፒታል ገቡና በሳንባ ምች ሞቱ ነው። ሁሌ በዚያው ቃል፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ለምን እንደገቡ ጠይቄ አላውቅም። ሐኪሟ የሚያውቅ ዘመድ ካለ ጠይቂ አለችኝ። እኔ ደግሞ እርግጠኛ ነኝ ብዬ ዐረፍኩት። ምን ሆኜ ነው እርግጠኛ ነኝ ያልኩት? ቶሎ ተገላግዬ ከዚያ ክፍል ለመውጣት ነዋ።

ቀኑ ተቆረጠ። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ።

አውቶቡስ ውስጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ ቶንሲሌ ሊወጣ ሆስፒታል ወስደውኝ ነበር። ጋውኑን አልብሰውኛል፣ አልጋው ላይ ወጥቻለሁ። እታለም ከየት መጣች ሳልል ደርሳ አንሥታ አዘለችኝ። ሐኪሙ አሞታል፣ ወደ ቤት እንሂድ አለች። ሐኪሙን ግን በጀርባዋ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይጣራ ነበር።

ቶንሲሌ እስካሁን አለ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ከሱቅ ሆኜ ለእታለም ደወልኩ። አባባ ሆስፒታል ለምን ነበር የገቡት አልኳት። ድስት ጥጃለሁ ብላ ዘጋችው። እሷ በዚህ ሰዓት ድስት ጥዳ አታውቅም።


ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ባለቤቴ ስልክ ሲመጣለት በረንዳ መውጣት ጀምሯል። በፊት ሰው ፊት ነበር የሚያወራው፤ እንዲያውም ጎረቤት እስኪሰማው። አሁን በሩን ገርበብ ያደርጋል። ስገባ ይዘጋል። ማነው ስለው ተማሪ ነው።

ክፉ ክፉውን አሰብኩ። ሌላ ሴት እስከማሰብ ደረስኩ። ተኝቶ ስልኩን ላየው… ተውኩት። ዛሬ ራት ላይ ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

ማንኪያውን አስቀመጠ። የምትደውለው እታለም ናት። በየቀኑ። እባክህ አስተዋት፣ እንቅልፉን አትውሰድ፣ ሌላውን ትምረጥ እያለች። ለምን ሲላት ታለቅሳለች። እሱ ፈርታ ነው፣ ስሜታዊ ሆና ነው ብሎ አስቦ፣ እንዳልጨነቅ ብሎ ደበቀኝ።

እንዳልጨነቅ! ስንት ቀን ሙሉ በገዛ ቤቴ ሰላይ ሆኜ ስውል አላየም? ተናድጄ ተነሣሁ። ደግሞ ቀለለኝ። ከዚያ ደግሞ ከበፊቱ ባሰብኝ። እታለም ለፍርሃት የምታለቅስ ሴት አይደለችም። የምታውቀው ነገር አለ።


እሑድ፣ ጥቅምት 17

ሳልደውል ሄድኩባት።

ግቢ ውስጥ የደረቀ ልብስ እየሰበሰበች አገኘኋት። ፊቴን አየች። አንሶላ አቀበለችኝ። አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን እሷ ይዘን ማጠፍ ጀመርን። ልጅ ሆኜም እንዲህ ነበር የምናጥፈው።

“አባባ የሞቱት በሳንባ ምች አይደለም” አለች። እኔን ሳይሆን አንሶላውን እያየች።

ከመሰላል ወድቀው ክንዳቸው ተሰብሮ ነው የገቡት። ክንድ ብቻ። አጥንቱን ለመግጠም በማደንዘዣ አስተኟቸው። እታለም ያኔ ገና ኮረዳ ናት፤ ምሳ ይዛ ሄዳ ኮሪደሩ ላይ ስትጠብቅ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ታያለች። ሰውነታቸው እንደ እንጨት ተገተረ። መንጋጭላቸው አልላቀቅ አለ። ትኩሳቱ የሚያቃጥል ሆነ። ነርሶቹ በረዶ ይዘው ሲሮጡ፣ በረዶው መንገድ ላይ ሲንጠባጠብ… ይሄን ስትል ድምፅዋ ጠፋ። አባባ በዚያው ቀሩ።

ሐኪሙ እማዬን ጠርቶ ነገራት። ነገሩ በዘር የሚሄድ ነው፤ ልጆችሽም አንድ ቀን ማደንዘዣ ሊወስዱ ሲሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ ብሎ አስጠነቀቃት። እማዬ ሰማች። ሰምታ ወጣችና የእታለምን ክንድ ይዛ፣ “ዘራቸው በሽታ አለበት ከተባለ ማን ያገባችኋል? ይሄ ነገር ከዚህ ግድግዳ አይወጣም” አለቻት።

አልወጣም። ለቶንሲሉ የወሰደችኝ ጎረቤት ነበረች፤ እታለም ሰምታ ነው እየሮጠች የመጣችው። ለሐኪሙ ከመናገር ይልቅ ይዛኝ መጥፋት ቀለላት።

እማዬ ከሞተች እኮ ስንት ዘመኗ፣ አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

“ካልታመመች ምን ቸገረኝ ብዬ… ከዚያ ዘገየሁ። የዘገየ ነገር ደግሞ ለመናገር ይከብዳል።”

“ሐሙስ ብሞትስ?”

“ረቡዕ ልነግርሽ ነበር።”

ረቡዕ። አየኋት። እውነቷን ይሁን አይሁን መለየት አቃተኝ። ዓይኗን ዕድሜ ልኬን አይቼዋለሁ፤ የመነጽሯን ቁጥር ሳይቀር አውቃለሁ። ዛሬ አላነበብኩትም።

አንሶላውን አጥፈን ጨረስን። ሳልሰናበታት ወጣሁ።


ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ክሊኒኩ ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ።

የማደንዘዣ ሐኪሟ ሁሉንም አዳመጠች። መሰላሉን፣ መንጋጭላውን፣ ትኩሳቱን፣ በረዶውን። ስጨርስ ብዕሯን አስቀመጠች። “ይሄን ሳልሰማ ሐሙስ ቢደርስ…” አለችና ቀሪውን ዋጠችው።

ከዚያ በቀላል ቋንቋ አስረዳችኝ። ሙሉ እንቅልፍ ሲሰጥ አንዳንድ የሚያስተኙ ጋዞችና አንድ ጡንቻ የሚያፍታታ መድኃኒት አሉ፤ ይህ ነገር በደሙ ያለበት ሰው እነሱን ሲወስድ ሰውነቱ ይነድዳል። እኔ ይኑርብኝ አይኑርብኝ አይታወቅም፤ ምርመራ አለው፣ ጊዜ ይወስዳል። እስኪታወቅ ግን እንዳለብኝ ተቆጥሮ ነው የምታከመው። ሙሉ እንቅልፍም ቢሆን በሌላ መድኃኒት ይቻላል፤ ለአንድ ጥርስ ግን ምን አስኬደን አለች። ድድ የሚያደነዝዘው መርፌ፣ በደም ሥር የሚሰጠው፣ የሳቅ ጋዙ፣ እነዚህ ችግር የለባቸውም።

የሳቅ ጋዙ ጋዝ አይደል? ጋዝ ነው፣ ከዚያ ወገን ግን አይደለም። እርግጠኛ ነሽ? እርግጠኛ ናት። በሌላ አነጋገር መልሼ ጠየቅኳት። በትዕግሥት መልሳ ነገረችኝ።

ፈገግታውም ተጠርቶ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ አይታይም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

“ሙሉውን የመከርኩዎት ስለሚፈሩ ነው” አለ። ቀጠለና፣ “ለእኔም ስለሚቀለኝ ነው። እውነቱን ለመናገር።”

ጠርጥሬው ነበር። ልክ ነበርኩ። የሚገርመው፣ ይህን ከነገረኝ በኋላ ነው ያመንኩት።

መርፌውንና የሳቅ ጋዙን መረጥኩ። ጋዙ ሲቋረጥ ቶሎ ወደ ራሴ እመለሳለሁ። የተናገርኩትንም አስታውሳለሁ። ውል ገባን፤ እጄን ካነሣሁ ያቆማል። ምክንያት አይጠይቅም።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

አለሁ።

ከንፈሬ የእኔ አይመስለኝም። የቻልኩትን ያህል እጽፋለሁ።

ጋዙ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። እግሬ ሞቀኝ። ጣሪያው ላይ ያለው መብራት ቸር ሰው መሰለኝ። መርፌው ሲመጣ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ራሴን አልሳትኩም። ገና ሥራ ሲጀምር እጄን አነሣሁ። ምንም ሳያመኝ። ልፈትነው። አቆመ። ዝም ብሎ ጠበቀ። እጄን አወረድኩ፣ ቀጠለ። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ አነሣሁ። አቆመ። የማደንዘዣ ሐኪሟ ጎንበስ ብላ አየችኝና “እየፈተኑት ነው?” አለች። ራሴን ነቀነቅኩ። ያቺ የማትስቅ ሴት ከጭምብሏ በላይ ዓይኗ ሲስቅ አየሁ።

ድምፁን ግን እሰማው ነበር። አጥንት ሲፋቅ። የማዝነው ለእኔ ሳይሆን ለሌላ ሴት ይመስለኝ ነበር። በኋላ እጄን ያነሣሁት የምር ነው፤ ስለ አባባ አስቤ። ክንድ ብቻ እኮ ነው። እጃቸውን የሚያነሡበት ጊዜ እንኳ አላገኙም… ዕንባዬ ወረደ። ፈገግታው ጠበቀኝ። ምክንያት አልጠየቀም።

ባለቤቴ ከውጭ ሲጠብቅ ነበር። ከጎኑ እታለም። ሦስታችንም አንድ መኪና ውስጥ ገባን። እኔ መናገር አልችልም፣ እነሱ አልደፈሩም።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ጉንጬ ዳቦ አክሏል። እታለም ሾርባ ልካለች። አልቀምስም አልኩ። ከዚያ ራበኝ። ቀመስኩት።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ልጄ ደወለች። እጮኛዋ እሑድ አብሯት ይመጣል። ከሠርጉ በፊት ቤተሰብ ለቤተሰብ ሊተዋወቅ። የልጁ እናት ስለ እኛ ደጋግማ እንደምትጠይቅ ነገረችኝ።

ስለ ምናችን?

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ልጄም የአባባ ልጅ ልጅ ናት። ሊኖርባት ይችላል። ማወቅ አለባት። ግን አሁን? ሴትየዋ ብትሰማስ? ጤናማ ልጅ ናት፣ ምንም አላመማት። ሠርጉ ይለፍ፣ ሰው ይበተን፣ ያኔ በእርጋታ… ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እንዲህ ሳሰላ ዋልኩ። ደንበኛ እያስተናገድኩ፣ አፍንጫ ላይ ክፈፍ እያስተካከልኩ።

ሱቁን ስዘጋ ነው የነቃሁት። ካልታመመች ምን ቸገረኝ… ይሄ የማን ቃል ነው?

ለእታለም ደወልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እሑድ እንድትመጣ ጠራኋት። ለምን እንደሆነ ሳልነግራት ገባት።


እሑድ፣ ኅዳር 1

ምሳ ከተበላ በኋላ ነገርናቸው። ለልጄና ለእጮኛዋ፣ አንድ ላይ። እታለም ጀመረች። በረዶው ጋ ስትደርስ አልቻለችም። እኔ ጨረስኩት። ባለቤቴ ውሃ ቀዳላት።

የልጁን ፊት ነበር የማየው። ይሸሽ እንደሆነ። ዓይኑን ያሸሽ እንደሆነ። የውሃ መሐንዲስ ነው፣ ቁጥብ ልጅ። ስልኩን አወጣ። ለእናቱ ሊደውል ነው አልኩ በልቤ። ሐኪሟ የጻፈችልኝን የመድኃኒቶቹን ስም በፊደል እንድነግረው ጠየቀኝና አንድ በአንድ ጻፈ።

“እሷ ትረሳለች። እኔ ልያዘው” አለ።

ልጄ ግን መቼ እንዳወቅኩ ጠየቀችኝ። ጥርሴ ሊወጣ ሲል አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተደዋወልን አለችኝ።

“ከሠርጉ በኋላ ልትነግሪኝ አስበሽ ነበር?”

“አዎ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አስቤ ነበር።”

አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ሰሞኑን እኔ ስንቱን አይቼበታለሁ… ሐኪሙን፣ ባሌን፣ እታለምን። በእኔ ላይ ሲያርፍ ግን የመጀመሪያው ነው። ይከብዳል ለካ።

“ሌላስ የደበቃችሁኝ አለ?” አለች፣ ከእኔ ወደ እታለም፣ ከእታለም ወደ እኔ እያየች።

የለም አልን፣ ሁለታችንም እኩል።

አላመነችንም። ደግ አደረገች።